አራተኛ የነበረችው ልብስ ሰፊ

የልብስ ሰፊዋ ተራ ተሰረቀ።

ገንዘብ አይደለም፣ ወርቅ አይደለም፣ ተራ! "ተራም ይሰረቃል እንዴ?" የሚል ካለ፣ ረቡዕ ጠዋት በሆስፒታሉ ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ቢቆም ኖሮ መልሱን በዓይኑ ያይ ነበር። ሴትዮዋ በባሏ ክንድ ተደግፋ፣ አምስት ደረጃ ወጥታ ትንፋሽ አጥሯት፣ ጣቷን በወረቀቱ ላይ ከላይ ወደ ታች ትጎትታለች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አራተኛው ላይ የተጻፈው የካርድ ቁጥር የእሷ አይደለም። ጣቷ ወረደ። ወረደ። አሥራ ዘጠኝ ላይ ቆመ።

"ይኸው፣ እዚህ ጥለውኛል" አለች።

የውጭ ሐኪሞች ለልብ ቀዶ ጥገና መጥተዋል። ይዘው የመጡት ሰው ሠራሽ የልብ በር፣ ቫልቭ የሚሉት፣ ስድስት ነው። ሐሙስ ለሦስት ሰው፣ ዓርብ ለሦስት ሰው፤ ቅዳሜ ሻንጣቸውን አንስተው ይሄዳሉ። የሚቀጥለው ዙር መቼ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ዶክተሩ ደግሞ ለልብስ ሰፊዋ ባል ፊት ለፊት ነግረውታል፤ የሷ ልብ ሌላ ዙር አይጠብቅም።

ባልየው ግንበኛ ነው። እጁ ሻካራ፣ አንደበቱ ለስላሳ። መስኮቱ ጋ ሄዶ በትህትና ጠየቀ። "ኮምፒውተሩ ነው ያለው" አሉት። እንደገና ጠየቀ። "ኮምፒውተሩ ነው" አሉት። ያኔ ለስላሳው አንደበት አለቀ።

"እንግዲያው ኮምፒውተሩን አምጡልኝና እኔ ልጠይቀው!"

ጥበቃዎች በሁለት ክንዱ ይዘው አስወጡት። እሱም ወደ ቤቱ አልሄደም፤ በቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ ገባ።

ጣቢያው ያለችውን ሰው ላከ። አጭር፣ ቀጭን፣ ሁልጊዜ እንቅልፍ ያላት የምትመስል ኢንስፔክተር። ባልደረቦቿ "ከዛስ" ነው የሚሏት። ሌባውም ይናገር፣ ምስክሩም ይናገር፣ የሷ ጥያቄ አንድ ነው፤ "እሺ፣ ከዛስ?" ሰው ደግሞ ይህቺን ቃል ሰምቶ ዝም ማለት አይችልም። አንድ ኪስ አውላቂ በዚች ጥያቄ ብቻ የአራት ዓመት ሥራውን ዘክዝኮላታል ይባላል።

መዝገብ ቤቱ ጠባብ ነው። ጣሪያ የነካ የፋይል መደርደሪያ፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ጥግ ላይ ደግሞ "አትንኩ" የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ተራ የጠረጴዛ ኮምፒውተር። ሆስፒታሉ ሰርቨር የሚለው ይህንኑ ነው። የቀዶ ጥገናው ተራ የሚቀመጠው እሱ ውስጥ ነው፤ ዋርዱ፣ ዶክተሩና እንግዳ መቀበያው በየኮምፒውተራቸው ገጹን ከፍተው ያዩታል። ማስተካከል ግን የሚቻለው በይለፍ ቃል ነው። ቃሉን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው።

አንደኛዋ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ፣ እትዬ መዝገብ። ከወንበራቸው ሳይነሱ በደረቁ ተቀበሏት።

"እኔ በዚህ ዕቃ አላምንም" አሉ ኮምፒውተሩን በአገጫቸው እየጠቆሙ። "ዓርብ ዓርብ ዝርዝሩን በእጄ ነው የምገለብጠው።"

"እሺ፣ ከዛስ?"

"ከዛማ ይኸው።" መሳቢያቸውን ከፍተው ባለ አራት ማዕዘን መስመር ደብተር አወጡ። ባለፈው ዓርብ የተጻፈ፤ አራተኛ የልብስ ሰፊዋ ካርድ፣ አሥራ ዘጠነኛ ሌላ ካርድ። ሰሌዳው ላይ ያለው ሁለቱን አቀያይሯቸዋል።

"አሥራ ዘጠነኛ የነበረው ማነው?"

እትዬ መዝገብ ደብተሩን ከደኑ። "ጋሼ ሾፌር።"

"ማናቸው?"

"አምቡላንስ የነዱልን ናቸው፣ ሠላሳ ዓመት። ጡረታ ከወጡ ቆዩ። በዚህ ግቢ ጋሼ ሾፌርን የማይወድ ሰው ካገኘሽ እኔን ጥሪኝ።"

ኢንስፔክተሯ ይህን አልወደደችውም። የተጠቃሚውን ወዳጅ ፈልጎ ወንጀለኛውን መያዝ ቀላል ነበር፤ አሁን ግን መቶ ሃያ ሠራተኛ ሁሉ ወዳጅ ሆኖ ቁጭ አለ።

ሁለተኛው የይለፍ ቃሉ ባለቤት የኮምፒውተር ባለሙያው ነው፣ "ኬብል" የሚሉት። አርባ ያለፈው፣ የሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ሦስት መፍቻ የማይጠፋ፣ ሰው ሲያናግረው ስክሪን የሚያይ ሰው። ገጹን ፒኤችፒ በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ የጻፈው እሱ፣ ሰርቨሩን የሚጠብቀውም እሱ።

"ዝርዝሩን ማን እንደነካው መዝግቦ ይይዛል?" አለችው።

"ይይዛል።" ተቀምጦ ከፈተ። ፊቱ ሲቀየር አየችው።

"አንብብልኝ።"

"ሰኞ... ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከአርባ። አራተኛውና አሥራ ዘጠነኛው ተቀያየሩ።"

"ከየትኛው ኮምፒውተር?"

"ከዚሁ። ከራሱ ከሰርቨሩ።"

"ሰኞ ሦስት ከአርባ ላይ እዚህ ወንበር ላይ ማን ነበር?"

ኬብል ስክሪኑን ትቶ ለመጀመሪያ ጊዜ አያት። "እኔ።"

"ብቻህን?"

"ብቻዬን። ግን እኔ አይደለሁም! ዓይኔን ግንባር ያድርገው!"

"ምን ትሠራ ነበር?"

"ፒኤችፒ እጭን ነበር። ኮምፒውተሩ እሁድ ራሱን አድሶ ሲነሳ የድሮውን ጥሎት ተነሳ። ያለሱ ገጹ አይሠራም፤ ዝርዝሩን አዘጋጅቶ የሚያቀርበው እሱ ነዋ። ስለዚህ እንደገና ጫንኩ፣ ሞከርኩ።"

"እሺ፣ ከዛስ?"

"ከዛማ ሠራ።"

ሠራ ሲል ዓይኑ ወደ ጎን ሸሸ። ኢንስፔክተሯ የሸሸ ዓይን አታልፍም። የኮምፒውተሩን ቆሻሻ ቅርጫት አስከፈተችው። አንድ ፋይል ብቻ አለ፤ ማክሰኞ የተጣለ።

"ይሄስ?"

"የሙከራ ገጽ ነው" አለ ድምፁ ሰልሎ። "ፒኤችፒ የጫነ ሰው ሁሉ ይሠራታል። ስትከፍቺያት 'እኔ ይህ ነኝ፣ እዚህ ነኝ፣ ይህን ለብሻለሁ' ብላ ሁሉን ትለፈልፋለች። እንዳየሽ መጣል ነው። ረስቻት አደረች። የቤት ቁልፍ በር ላይ አንጠልጥሎ እንደመሄድ ነው፤ አፍሬ ጣልኳት።"

ሊሆን ይችላል። ደግሞ ዱካውን የሚያጠፋ ሰውም እንደዚሁ ነው የሚለው። ከኋላ እትዬ መዝገብ አጉተመተሙ፦ "እኔ ብያለሁ። ብያለሁ እኮ።"

ዶክተሩ ደግሞ ነገሩን አባሱት። የልብ ክፍሉ ኃላፊ ናቸው፤ ቢሯቸው ገብታ ጋሼ ሾፌርን ያውቋቸው እንደሆነ ስትጠይቃቸው አልሸሹም።

"ባለፈው ሳምንት ወደፊት እንዲመጡ እትዬ መዝገብን ጠይቄአለሁ" አሏት። "እምቢ አሉኝ። ልክ ነበሩ። አፈርኩ፣ ተውኩት።"

"ኬብልንስ አልጠየቁትም?"

"ምን ማለትሽ ነው?"

"ጥያቄ ነው።"

"አልጠየቅኩትም!" ተነሱ። "ስሚኝ። የዓርቡ ዝርዝር ነገ ከቀኑ አሥር ሰዓት ይዘጋል። ለጋሼ ሾፌር ቤተሰብ ተነግሯል። በአንድ ደብተር ብቻ ሰው ከአልጋ አላወርድም። ማን እንዳደረገው አምጪልኝ፣ ያኔ እመልሳለሁ። ካልሆነ ዝርዝሩ እንዳለ ይሄዳል።"

ኮሪደሩ ላይ ልብስ ሰፊዋ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። ቤቷ አልሄደችም፤ ደረጃውን ወርዳ ነገ እንደገና መውጣት እንደማትችል ታውቃለች። ከንፈሯ ጠቁሯል። ጉልበቷ ላይ ያለውን የነጠላዋን ስፌት በጥፍሯ ትፈትሻለች።

"አገኘሽው፣ እህቴ?"

"ገና ነኝ።"

"እኔ እኮ የሰው አልፈልግም" አለች ሴትዮዋ። "የራሴን ብቻ።"

ኢንስፔክተሯ ተመልሳ መዝገብ ቤት ገባች።

"ኬብል፣ የማስተካከያውን ገጽ ክፈትልኝ። እንዴት እንደሚነካ ልየው።"

የይለፍ ቃሉን ጽፎ ከፈተ። ገጹ ደግሞ ልማዱ ነው፤ ማን፣ በስንት ሰዓት እንደገባ ወዲያው ከታች ጻፈ። ኢንስፔክተሯ ያቺን መስመር አነበበች። የእጅ ሰዓቷን አየች። እንደገና አነበበች።

"አሁን ስንት ሰዓት ነው?"

"አምስት ከአሥር።"

"ይሄ ግን ሁለት ከአሥር ነው የሚለው።"

ኬብል አየ። ከዚያ እትዬ መዝገብ እንኳ እስኪደነግጡ ግንባሩን በመዳፉ መታ። "የሰዓት ቀጠናውን አልሞላሁትም! አዲስ ሲጫን የት አገር እንዳለ ካልነገርሽው በዓለም መነሻ ሰዓት ነው የሚቆጥረው። ከኛ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ!"

"ስለዚህ ሰኞ ሦስት ከአርባ ያልከኝ..."

"ስድስት ከአርባ ነው። የምሳ ሰዓት!"

የበሩ መዝገብ መጣ። ኬብል ሰኞ ስድስት ከአሥር ወጥቶ ሰባት ከሩብ ተመልሷል፤ ጥበቃው ፈርሞበታል። እትዬ መዝገብና ዶክተሩ በዚያ ሰዓት ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ ቃለ ጉባኤ የያዙት ራሳቸው እትዬ መዝገብ ናቸው፣ አሥራ አንድ ሰው አብሯቸው ተቀምጧል። አይጥ በበላ ዳዋ ሊመታ ነበር። የመዝገብ ቤቱ ቁልፍ ደግሞ እንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ ምስማር ላይ ይውላል፤ ጽዳቷም ታነሳዋለች፣ ጥበቃውም ያነሳዋል፣ ማንም።

ግን ቁልፍ በር ይከፍታል እንጂ ገጽ አይከፍትም። የይለፍ ቃሉን የሚያውቁ ሁለቱም እዚህ አልነበሩም። ሦስተኛ ሰው አውቆታል ማለት ነው።

"ለማን ነገርክ?"

"ለማንም!"

"የት ጻፍከው?"

ኬብል ከኪሱ አንድ መፍቻ አውጥቶ ያገላብጥ ጀመር።

"ኬብል። የት ጻፍከው?"

"ገጹ ውስጥ" አለ ወለሉን እያየ። "ፋይሉ ራስጌ ላይ፣ ሦስተኛ መስመር። ግን ማንም አያየውም! ፒኤችፒ ፋይሉን ለራሱ ያነበዋል፣ ለሰው የሚያሳየው ዝርዝሩን ብቻ ነው።"

"ፒኤችፒ ከሌለስ?"

ኬብል መፍቻውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ይህን ነበር ከሁሉ አብልጦ የደበቀው፤ ከሙከራዋ ገጽ እንኳ አብልጦ።

"ሰኞ ጠዋት ጫንኩትና አስነሳሁት" አለ በመጨረሻ። "ሰርቨሩ ፒኤችፒን እንዲጠራ የምታዝ አንዲት መስመር አለች። ፊቷ ላይ ሃሽ የሚሏት ምልክት ካለች መስመሯ ተኝታለች ማለት ነው፤ ሰርቨሩ አያነባትም። ምልክቷን ማንሳት ረሳሁ። ሃያ ደቂቃ ሌላ ቦታ ስፈልግ ቆየሁ። በዚያ ሃያ ደቂቃ ገጹን የከፈተ ሰው ሁሉ ያየው ዝርዝሩን ሳይሆን ጥሬውን ጽሑፍ ነው። እኔ የጻፍኩትን፣ እንዳለ።"

"ከነይለፍ ቃሉ።"

"ከነይለፍ ቃሉ። ማን ያስተውለዋል ብዬ ነው። ቃሉን ሳልቀይረው ቀረሁ።"

"ማን እንደከፈተ ታውቃለህ?"

ይህን ያውቃል። ኬብል አንድ ጥሩ ልማድ አለው፤ ስልክ በተደወለለት ቁጥር ሰዓቱንና ስሞታውን ደብተሩ ላይ ይጽፋል። ሰኞ፣ ሁለት ከሠላሳ ሁለት፣ ዋርድ፦ "ገጹ አበደ።" ሁለት ከሠላሳ ስድስት፣ ዶክተር፦ "ምንድነው ይሄ ቆሻሻ?" ሌላ የለም። የሰርቨሩ የራሱ መዝገብ ግን፣ ሰዓቱ ያልተዛባው፣ ሦስተኛ ኮምፒውተር ይዟል። እንግዳ መቀበያ። ሁለት ከአርባ አንድ። ሁለት ከአርባ ሁለት። ሁለት ከአርባ አራት።

"ሦስት ጊዜ" አለች ኢንስፔክተሯ። "ግን አልደወለም።"

"ማ? አቤቱታ?" ኬብል ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁ አፉ ላይ ደረቀ።

አቤቱታ የእንግዳ መቀበያው ሠራተኛ ነው። ስሙን ያገኘው በሥራው ነው። ኢንስፔክተሯ የኬብልን ደብተር ወደ ኋላ ገለጠች። አቤቱታ፦ "ማውሱ ያነክሳል።" አቤቱታ፦ "ስክሪኑ ዓይኑን ያፈጥብኛል።" አቤቱታ፦ "የጀርባው ማራገቢያ ያጉረመርማል።" በቀን አራት፣ አንዳንዴ ስድስት። ሰኞ ጠዋት ግን አንድም የለም። እስከ ስምንት ሰዓት ዝም ብሎ ቆይቶ የደወለው ወንበሩ ጮኸ ብሎ ነው፤ ወንበር ደግሞ የኬብል ሥራ እንኳ አይደለም።

የዚያን ቀን አልያዘችውም። የሰው ዝምታ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ከሰዓት በኋላ የጋሼ ሾፌርን ፋይል ይዛ ቤታቸው ሄደች፣ አንድ ጥያቄ ጠየቀቻቸው፣ ተመለሰች።

ሐሙስ ሰባት ሰዓት ላይ የመጀመሪያው በሽተኛ ከቀዶ ጥገና ወጥቷል፣ ሁለተኛው ውስጥ ነው። አቤቱታን ከመስኮቱ ኋላ አስነስታ መዝገብ ቤት አስገባችው። ሠላሳ አምስት ቢሆነው ነው፤ ፀጉሩ በደንብ የተበጠረ።

"ምነው፣ ወረፋ አለብኝ እኮ" አለ። "ሰው ይጮህብኛል።"

"አላቆይህም። ሰኞ ጠዋት የቀዶ ጥገናውን ዝርዝር ከፍተህ ነበር?"

"ሁሌም እከፍታለሁ። ሥራዬ ነው።"

"ምን ሰዓት?"

"እንደገባሁ። ሁለት ተኩል፣ ለሦስት ሩብ ጉዳይ።"

"እሺ፣ ከዛስ?"

"ከዛማ አየሁ፣ ዘጋሁ።"

"ምን አየህ?"

"ዝርዝሩን ነዋ!"

"ደህና ነበር?"

"ምን ይሆናል? እንደወትሮው።"

ኢንስፔክተሯ የኬብልን ደብተር ፊቱ አስቀመጠች። "ከዋርድ ተደውሎ ገጹ አበደ ተባለ። ዶክተሩ ደውለው ቆሻሻ ነው አሉ። በዚያ ሃያ ደቂቃ በዚህ ግቢ ዝርዝሩን ያየ ሰው የለም። አንተ ብቻ እንዴት አየኸው?"

አቤቱታ ደብተሩን መልሶ ወደ እሷ ገፋው።

"በሰባት ቀን ሠላሳ ጊዜ የምትደውል ሰው" አለችው ቀስ ብላ፣ "ገጹ ሲያብድ ሦስት ጊዜ ከፍተህ አየህና ዝም አልክ። ምን አግኝተህ ነው ዝም ያልከው?"

"ምንም።"

ፋይሉን ከፈተች። ጋሼ ሾፌርን ወደዚህ ሆስፒታል የላከው የጤና ጣቢያው ሪፈር ወረቀት። ከላይ የተጻፈበት ቀን። ከታች "ተቀብያለሁ" የሚለው ማህተም። በሁለቱ መሃል አምስት ወር አለ።

"ጋሼ ሾፌርን ጠየቅኳቸው። ወረቀቱን በተጻፈ በሦስተኛው ቀን በገዛ እጃቸው አስረክበዋል። ለማን እንደሆነም ነገሩኝ። ፊርማው የማን ነው?"

አቤቱታ ፊርማውን አላየውም። ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

"መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት" አለ። "ወረፋ ነበር፣ ሰው ይጮህ ነበር፤ በኋላ አስገባዋለሁ አልኩ። ረሳሁት። በእግዚአብሔር ስም፣ ረሳሁት! ሳገኘው አምስት ወር አልፏል። ያኔ አስመዘገብኩት፣ አሥራ ዘጠነኛ ሆነ።"

"እሺ፣ ከዛስ?"

"በየሳምንቱ ይመጣሉ። መስኮቴ ላይ ተደግፈው 'ልጄ፣ ተራዬ እንዴት ሆነልኝ?' ይሉኛል። አንድ ቀን እንኳ አልተቆጡኝም። ምን ልበላቸው? እኔ ነኝ የገደልኩዎት ልበላቸው?" እንባው ወረደ። "ሰኞ ያ ጽሑፍ ሲመጣ መጀመሪያ ለመደወል ነበር ስልኩን ያነሳሁት። ሦስተኛውን መስመር አየሁና መልሼ አስቀመጥኩት። በምሳ ሰዓት ቁልፉን ከምስማሩ አንስቼ እዚህ ገባሁ። ስህተቴን ላርም ነው ያልኩት። ወደ ቦታቸው ልመልሳቸው።"

"በሰው ቦታ።"

"እሷን አላውቃትም ነበር" አለ አቤቱታ። "ቁጥር ነበረች።"

ኢንስፔክተሯ በሕይወቷ ብዙ ሌባ አይታለች፤ እንደዚህ ያስቆጣትና እንደዚህ ያሳዘናት ግን አልነበረም፤ ሁለቱም ባንዴ ስለመጡባት ተነስታ መስኮቱን ከፈተች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዶክተሩ ሰሙ። እትዬ መዝገብ ደብተራቸውን ይዘው መጡ፤ ልብስ ሰፊዋ ወደ አራተኛ ተመለሰች። ኬብል የይለፍ ቃሉን ቀየረ፣ ከፋይሉም አወጣው፣ ማንም ሳያዘው። ግን እትዬ መዝገብ ከበሩ አልወጡም።

"አንድ ነገር ልንገራችሁ" አሉ። "ሪፈሩ በጊዜው ቢመዘገብ ኖሮ ጋሼ ሾፌር አምስተኛ ነበሩ። እውነቱን እንመልስ ካልን፣ ስድስተኛው ሰውዬ ይወድቃል።"

ስድስተኛው ሰውዬ ደግሞ ምንም አላጠፋም። ዶክተሩ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ።

ጋሼ ሾፌርን ራሳቸውን ጠሯቸው። በልጃቸው ተደግፈው መጡ፣ ሁሉንም ከዳር እስከ ዳር አዳመጡ። ስለ መሳቢያው ሲሰሙ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"ሠላሳ ዓመት ሰው ጭኜ አድርሻለሁ" አሉ። "እኔ ልሳፈር ብዬ ያወረድኩት ሰው የለም። አሁን አልጀምርም።"

"አባባ!" አለች ልጃቸው።

"ዝም በይ። ዶክተር፣ በሚቀጥለው ዙር አንደኛ ያድርጉኝ። እስከዛ ካለሁ፣ አለሁ።"

ዶክተሩ ወደ ግድግዳው ዞረው መነጽራቸውን ጠረጉ። አንደኛ ብለው ጻፏቸው፤ እትዬ መዝገብም በደብተራቸው ገለበጡት።

ዓርብ ጠዋት ኢንስፔክተሯ አቤቱታን ወደ ፍርድ ቤት ስትወስደው በኮሪደሩ አልፈው እንዲሄዱ ለመናት። እሺ አለች፤ ለምን እሺ እንዳለች ራሷም አታውቅም። ልብስ ሰፊዋ ባለ ጎማው አልጋ ላይ ተኝታ፣ ነጭ ቆብ አጥልቀውላት፣ በሩ እስኪከፈት ትጠብቃለች። ግንበኛው ካቴናውን ሲያይ ማን እንደሆነ ገባው። ተነሳ። ሚስቱ እጅጌውን ያዘች።

አቤቱታ ካልጋው ሁለት እርምጃ ርቆ ቆመ። የዚያችን ቁጥር ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ አየ።

"ይቅርታ አድርጊልኝ" አለ። "ስለ ፈጣሪ።"

ልብስ ሰፊዋ አየችው። አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም። ትንፋሿን ሰበሰበች፤ ለመናገርም ትንፋሽ ያስፈልጋታል።

"ይቅር ለማለት መጀመሪያ መኖር አለብኝ" አለችው። "ስወጣ ጠይቀኝ።"

በሩ ተከፈተ፣ ነርሶቹም አልጋውን ገፍተው አስገቧት።